የደጋ አገር የሚመዘነው በክፉ ቀኑ ነው

አንድ ወረዳ ራሱን ችሎ ለመኖርና የክፉ ቀንን መከራ ለማለፍ የሚበቃ መሆኑን ለማወቅ የተላከ ሹም አዝመራው በደረሰበት በኅዳር ወር ብቻ ሂዶ ቢመለከት ፍርዱ ጎደሎ ይሆናል፤ በመከር ጊዜ ሁሉም አገር ሀብታም ይመስላልና። እውነተኛው የአገር ኑሮ የሚታወቀው ጐተራው በሚጎድልበት በክረምትና ዝናም በቀረበት ዓመት ነው።

ለዚህ ነገር በሰሜን ሸዋ የሚገኘው መንዝ መልካም ምሳሌ ነው። ጓሳ የሚባለው ደጋው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ስለ ሆነ ብርዱ ጽኑ ነው። በዚያ ጤፍ አይበቅልም፤ ሕዝቡ የሚኖረው በገብስና በበግ ነው። ገብሱንም በአንድ ሌሊት የወረደ ውርጭ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ አንዳንዶች እንዲህ ያለውን አገር ይንቁታል። ነገር ግን አዝመራውን የሚጎዳው ብርድ የተከተተውን እህል ይጠብቃል፤ ነቀዝ በደጋ እንደ ቆላ አይበረታምና። የበጉም ጠጕር ተፈትሎ ባና ይሆንና ሰውን ከብርዱ ያድነዋል።

ከዚህም ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው የመንዝ አባቶች የጓሳን ሣር የጠበቁበት ሥርዓት ነው። ቄሮ በሚባለው ሥርዓት መሬቱ ለዓመታት ተዘግቶ ይቈይና በተወሰነ ጊዜ ብቻ ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፈት ነበር። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያገለግላል፤ ድርቅ ሲመጣም ለከብቱ መጠጊያ ይሆናል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ይህ ሥርዓት ፈረሰ፤ ጓሳውም ጠባቂ አጥቶ ተጎዳ። በኋላ ግን ሕዝቡ መክሮ ጥበቃውን በአዲስ ደንብ መልሶ አቆመው። ከዚህም የክፉ ቀን ስንቅ በጐተራ ብቻ ሳይሆን በመተዳደሪያ ደንብም እንደሚከማች መረዳት ይቻላል።

እንግዲህ የደጋ ወረዳን የሚመረምር ሹም ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የቤተ ሰቡ እህል ለስንት ወር ይበቃል? ዘሩስ ከሚበላው ተለይቶ ተቀምጧልን? ማገዶውስ ከየት ይመጣል? ኩበቱ ሁሉ በምድጃ ካለቀ እርሻው ፍግ ያጣል፤ ፍግ ያጣ እርሻም ምርቱ ይቀንሳል። ስለዚህ በብርድ አገር ዛፍ መትከል ራሱ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ደግሞም ጨውና በርበሬ፥ መድኃኒትም ከሌላ አገር ስለሚመጡ መንገዱ በክረምት የሚያስኬድ መሆኑ መመርመር አለበት። ራሱን ቻለ የሚባል አገርም ቢሆን ከጎረቤቱ ጋራ መገበያየቱ አይቀርም።

ዮሴፍ በግብፅ አገር ከጥጋቡ ዘመን ሰብል ዐምስተኛውን እጅ ያስከተተው ረሀቡ ሳይገባ አስቀድሞ መሆኑን ካህናት ለሕዝቡ ዘወትር ያስተምራሉ። ይህ ትምህርት በመከር ጊዜ ቢሰጥ ፍሬው ይበዛል፤ ገበሬው የሚያስቀምጠው እህል በእጁ ያለው በዚያን ጊዜ ነውና። ሹሙም በዚያው ወራት የየቀበሌውን እህልና ዘር፥ የከብቱንም መኖ አስቈጥሮ ቢያስጽፍ፥ ችግር በደረሰ ጊዜ ርዳታው ለማን አስቀድሞ እንደሚገባ ለማወቅ አይቸገርም። ይህ ሳይደረግ ረሀብ ከገባ በኋላ የሚጀመር ቈጠራ ግን የሞተውን ከማስታወቅ በቀር ለማንም አይጠቅምም።