የማግኔት አምባርና የተሰበረ ዐጥንት

በገበያ ቀን በሮቤም ሆነ በጎባ፥ ከልብስና ከጨው ሻጮች መካከል፥ የመዳብ መልክ ያለው አምባር ደርድሮ የሚዞር ነጋዴ አልፎ አልፎ ይገኛል። አምባሩ በውስጡ ማግኔት እንዳለበት፥ ይህም ማግኔት ደምን እንደሚያንቀሳቅስ፥ ቁርጥማትን እንደሚያስታግስ፥ የተሰበረንም ዐጥንት ፈጥኖ እንደሚያጋጥም ይናገራል። ከሥራ ባልደረቦቼ አንዳንዶቹ፥ «ጉዳት እስካላመጣ ድረስ ሰው በገዛ ገንዘቡ የፈለገውን ቢያጠልቅ ምን አገባን?» ይላሉ። እኔ ግን ከዚህ አሳብ ጋር አልስማማም፤ ያልተስማማሁበትንም ምክንያት ለአንባብያን በግልጽ ማስረዳት ግዴታዬ መስሎ ታይቶኛል።

ከፈረስ ወድቆ የክንዱ ዐጥንት የተሰበረ አንድ ገበሬ ወደ እኛ ዘንድ የመጣው በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ነበር። ክንዱ በቀርከሃ ስንጥቅ እጅግ ጠብቆ ታስሯል፤ በእጁ አንጓ ላይም ይኸው አምባር ነበረ። ጣቶቹ ጠቁረው ስሜት አጥተዋል። ስለ ምን እንደ ዘገየ በተጠየቀ ጊዜ፥ «ማግኔቱ እየሠራ መስሎኝ ነው፤ መደንዘዙም የመዳን ምልክት ነው ተብዬ ነበር» ሲል መለሰ። በእርግጥ ክንዱን የጎዳው የእስሩ ጥብቀት ነው። ዐሥራ ሁለቱን ቀን የወሰደበት ግን አምባሩ ነው።

ይሁንና ነጋዴው የሚናገረው ሁሉ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም፤ ሰው የሚታለለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሕያው ሰውነት ውስጥ ኤሌክትሪክ መኖሩ የተረጋገጠ ነገር ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ በሽፋኑ ውስጥና ውጭ መካከል የኤሌክትሪክ ልዩነት ይዞ ይኖራል፤ በነርቭ ሕዋስ ላይ ይህ ልዩነት 70 ሚሊ ቮልት ያህል ነው። ቆዳ በተቆረጠ ጊዜም ከቁስሉ ደካማ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል፤ ዱ ቧ ሬይሞን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ይህን እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በገዛ ጣቱ ቁስል ላይ ለክቶታል። በቤተ ሙከራ እንደ ታየውም፥ የቆዳ ሕዋሳት በዚህ ኃይል እየተመሩ ወደ ቁስሉ መካከል ይጓዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ፉካዳና ያሱዳ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን፥ ዐጥንት በተጫነ ጊዜ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ አሳዩ።

ከዚህ በመነሣት በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዐጥንት ሐኪም የነበረው አንድሩ ባሴት ከባልደረቦቹ ጋር፥ በስብራቱ ላይ በሚደረግ የሽቦ ጥቅል አማካይነት ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ የማግኔት ኃይል ወደ ዐጥንቱ የሚልክ መሣሪያ ሠራ፤ የአሜሪካም የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 አልገጥም ላለ ስብራት እንዲያገለግል ፈቀደ። በውጭ አገር በተማርኩበት ጊዜ ይህን መሣሪያ በበሽተኛ እግር ላይ ታስሮ አይቼዋለሁ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ፥ በየቀኑ ለሰዓታት፥ ያውም ለወራት የሚታሰር ነገር ነው። እንዲህም ሆኖ፥ የኮክሬን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 ጥናቶቹን ሰብስቦ በመረመረ ጊዜ፥ ጥቂት ጥቅም ሊኖረው ቢችልም ማስረጃው አጥጋቢ እንዳልሆነ ገልጿል። እንግዲህ በሐኪም ትእዛዝ የሚሠራው መሣሪያ ይህን ያህል ከተጠረጠረ፥ ስለ ገበያው አምባር ምን እንበል?

መሣሪያው በሰውነት ውስጥ ጅረት የሚያስነሣው ኃይሉ ስለሚለዋወጥ ነው። የአምባሩ ማግኔት ግን ባለበት የሚኖር ነው፤ ኃይሉም ጥቂት ሣንቲ ሜትር ሳይርቅ ይጠፋል። «ደም ብረት ስላለው ማግኔት ይስበዋል» የሚባለውም ስሕተት ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ብረት ከሌላ ነገር ጋር የተዋሐደ ስለ ሆነ እንደ ሚስማር አይሳብም። በታላላቅ ሆስፒታሎች የሰውነትን ውስጥ ለማየት የሚያገለግለው ኤም አር አይ የተባለው መሣሪያ ብዙ ጊዜ 1.5 ቴስላ ኃይል አለው፤ ይኸውም ከመሬት የማግኔት ኃይል ከ30 ሺህ ጊዜ ይበልጣል። በውስጡ የተኛው ሰው ደም ግን በሥሩ ውስጥ እንደ ወትሮው ይፈስሳል።

የመሬትን ማግኔት ካነሣን ዘንድ፥ አገራችን ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ፥ ፒየር ጉዋን የተባሉ ካናዳዊ ካህን በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ይህን ኃይል የሚለካ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ አቋቁመው ነበር። ኃይሉ በእኛ ዘንድ ከ40 ማይክሮ ቴስላ በታች ሲሆን በዋልታዎቹ አጠገብ ከ60 ያልፋል። ደካማ ማግኔት ዐጥንት የሚያጋጥም ቢሆን ኖሮ፥ የኖርዌይ ሰው ስብራት ከባሌ ሰው ስብራት ቀድሞ በዳነ ነበር!

በአንጻሩ ደግሞ የስልክ ማማ ጨረር ያሳምመናል ብለው የሚጨነቁ አሉ። የካንሰር ምርምር ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን «ምናልባት» ካንሰር ሊያመጡ ከሚችሉት ወገን መድቦታል፤ በ2024 የታተመው የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናው ሰፊ ምርመራ ግን በእጅ ስልክና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም። በሳነቴ አምባ ላይ ከብት ለሚጠብቅ ሰው የሚያሠጋው ጨረር የፀሐይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ከፍታ ላይ ነውና ቆዳንና ዓይንን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር በዚያ ከቆላው ይልቅ ይበረታል። ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ ከማናቸውም አምባር ይሻለዋል።

ወደ ስብራቱ እንመለስ። ወጌሻን የማጥላላት አሳብ የለኝም። በኦሮምኛ «ኦጌሣ» ማለት ባለ ሙያ ማለት ነው፤ ከመካከላቸውም እጃቸው የሠለጠነ ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ በአገራችን የተደረገ ጥናት፥ ለወጌሾች አጭር ትምህርት ከተሰጠ በኋላ በእስር ምክንያት የሚቆረጡ እጆችና እግሮች ቁጥር መቀነሱን አሳይቷል። እንግዲህ በሮቤ፥ በጎባና በዲንሾ ያሉትን ወጌሾች ጠርተን እንዲህ ያለ ትምህርት ብንሰጥ፥ አምባር ሻጩን ከማሳደድ የበለጠ ሥራ እንሠራለን ብዬ አምናለሁ።

እስከዚያ ድረስ ግን የታሰረ ሰው በቤቱ ያለ ቤተ ሰብ የጣቶቹን ጫፍ ጧትና ማታ ይመልከት፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖችማ ሌሊትም ቢሆን ይመልከት። ጣቶቹ ቢቀዘቅዙ፥ ቢገረጡ ወይም ቢጠቁሩ፥ ቢደነዝዙ፥ ወይም ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ እየባሰ ቢሄድ፥ እስሩን ወዲያውኑ ይፍታ፤ ወጌሻው እስኪመጣ አይጠብቅ። ደም ያልደረሰው ሥጋ ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ መሞት ይጀምራልና፥ በሽተኛው በዚያው ሰዓት ክንዱ በስንጥቅ እንደ ተደገፈ፥ ሳይጠብቅ ታስሮ፥ ወደ ጎባ ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በእጁ ላይ አምባር ወይም ቀለበት ካለም፥ እብጠቱ ሳይውጠው አስቀድሞ ይውለቅ።