ብሔራዊ ቡድን በነፃ ነው፤ በሩ ግን ያስከፍላል

«ለአገር ለመሮጥ ገንዘብ አይጠየቅም» ሲባል እየሰማን አድገናል። እውነት ነው። አንድ ልጅ ለወጣቶች የአትሌቲክስ ብሔራዊ ቡድን ከተመረጠ ትጥቅ ይሰጠዋል፣ የአውሮፕላን ቲኬትም ይቆረጥለታል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ልጆቻቸው ኳስ እንዲጫወቱ ብዙ ዶላር እንደሚከፍሉ ሲያወሩልን «እኛ ጋ ይሄ የለም» ብለን እንኮራለን። እኛ የአቃቂ ቃሊቲ ልጆች ግን አንድ ጥያቄ አለችን። እስኪመረጥ ድረስ ያለውን ወጪ ማን ይክፈለው?

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንድ የ17 ዓመት ሯጭ አስቡ (ስም አንሰጠውም፤ በየሰፈራችሁ አንድ አይጠፋም)። ትራክ ላይ ለመለማመድና ለመወዳደር ወደ መሐል ከተማ መውጣት አለበት፤ ታክሲ እየቀያየረ፣ ደርሶ መልስ። ለአስፋልት አንድ ጫማ፣ ለትራክ አንድ ስፓይክ ያስፈልገዋል። አዲሱን ተዉት፣ ልባሹም ቢሆን ከውጭ የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ ደግሞ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ጫማውም አብሮ ሮጠ! ከልምምድ በኋላ እንቁላልና ወተት ብሉ ይባላል፤ ቤት ያለው ሽሮ ነው። ይሄ ሁሉ የሚወጣው ከእናት ጉሊት ወይም ከአባት የፋብሪካ ደሞዝ ላይ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ሰፈራችን የታወቀ የልምምድ ቦታ ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ ግን ዝቅ ያለና ሜዳማ ስለሆነ ለፍጥነት ይመቻል። ስለዚህ ክለቦች ገና ሳይነጋ አትሌቶቻቸውን በአውቶቡስ ጭነው ወደኛ ይመጣሉ። ሮጠው፣ ውሃቸውን ጠጥተው ይመለሳሉ። የኛ ልጅ ከኋላቸው ይሮጣል። መሬቱ አንድ ነው፣ አየሩ አንድ ነው። የሚለያቸው ያ አውቶቡስ ነው።

«ታዲያ የወጣቶች ቡድን ምን ያህል ነገር ነው?» የሚል ካለ ወደ ኋላ ይመልከት። ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ከማጥለቋ ሁለት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ቡልጋሪያ ፕሎቭዲቭ ላይ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆናለች። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1992 ሴኡል ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም ያሸነፈው በወጣቶች ውድድር ነው። ቀነኒሳ በቀለ በ2000 ሳንቲያጎ፣ ገንዘቤ ዲባባ በ2010 ሞንክተን፣ ሁሉም በዚሁ በር ገብተዋል። በ2022 ደግሞ ወጣቶቻችን ከካሊ ኮሎምቢያ 6 ወርቅን ጨምሮ 12 ሜዳሊያ ይዘው መጥተዋል። የገቡትን እንቆጥራለን። በ16 ዓመቱ በታክሲ ሂሳብ የቀረውን ግን የሚቆጥረው የለም።

ለዚህ ክርክር ሁሌ የሚመጣ መልስ አለ፤ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ አላሸነፈም እንዴ?» አሸንፏል፤ በ1960፣ ሮም ላይ። ግን አንድ ነገር አንርሳ። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ደሞዝ ነበረው፣ የሚበላውና የሚያድርበት ነበረው፣ ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ አሠልጣኝ ነበረው። እግሩ ባዶ ነበር፤ ሆዱና ጀርባው ግን ባዶ አልነበሩም። የኛን ልጅ በአበበ ባዶ እግር የሚገስጽ ሰው የአበበን ደሞዝም ያስብለት።

ሌላም መልስ አለ፤ «ማሠልጠኛ ማዕከላት ተከፍተዋል።» ልክ ነው። አሰላ የጥሩነሽ ዲባባ ማዕከል አለ፣ አዲስ አበባም የወጣቶች ስፖርት አካዳሚ አለ። ያበላሉ፣ ያስተኛሉ፣ ያሠለጥናሉ። ግን እዚያም የሚገባው ተመርጦ ነው። ለመመረጥ መታየት፣ ለመታየት ደግሞ መወዳደር ያስፈልጋል። ዞረን ዞረን እዚያው ታክሲ ተራ ላይ ነን።

«ፌዴሬሽኑስ ከየት ያምጣው?» ለሚሉንም ከልባችን እናዝናለን፤ የውጭ ጉዞ በዶላር እንደሆነ እናውቃለን። እኛ የምንጠይቀው ግን አነስ ያለ ነገር ነው። ለከተማ ምርጫ ውድድር የተጠራ ልጅ የደርሶ መልስ ሂሳቡና የምሳው ይሸፈንለት። ክፍለ ከተማው በዓመት አንድ ጊዜ ከሚያዘጋጀው ሰልፍና ቲሸርት ቀንሶ ለ20 ወይም ለ30 ልጆች ጫማ ይግዛ። ለኮንዶሚኒየም፣ ለመጋዘን እየተባለ ያለቀው ሜዳ ይብቃው፤ የቀረው በካርታ ይታጠርልን።

ፋብሪካዎቻችንስ? ሙገር ሲሚንቶ፣ መብራት ኃይልና ባንኮች እኮ ሠራተኛ አድርገው በደሞዝ የያዟቸው አትሌቶች ናቸው አገር ያስጠሩት። አቃቂ ቃሊቲ ከጨርቃ ጨርቅ እስከ ብረታ ብረት የፋብሪካ ሰፈር ነው፤ ጭሱን እኛ እንተነፍሳለን፣ የአቃቂን ወንዝ ቀለምም እናውቀዋለን። አንድ ፋብሪካ አምስት ልጆች ቢይዝ አይከስርም። ጃማይካ ከ1910 ጀምሮ በየዓመቱ የትምህርት ቤቶች ሻምፒዮና ታካሂዳለች፤ ወጪውን የቀድሞ ተማሪዎችና ድርጅቶች ይጋሩታል። እነ ቦልት የወጡት ከዚያ ነው፤ ሕዝቧ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሕዝብ ያንሳል።

አገር ልጅ ሲያሸንፍ ቦሌ ድረስ ሄዳ በአበባ ትቀበላለች። እኛ የምንለው፣ ከዚያ አበባ ጥቂቱ ቀደም ብሎ የታክሲ ሂሳብ ይሁን።