ግሊሰሪን ይመስለኛል

የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ኬሚካል ለመጻፍ ምን አገባው የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ከእናንተ በፊት የመድኃኒት ቅመማ የሚማረው የመኝታ ክፍል ባልንጀራዬ ብሎኛል። እኔ ግን ያገባኛል ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት፤ ምክንያቱንም አንባቢ ሆይ ታግሠህ ስማኝ።

በጥቅምት አንድ ከሰዓት በኋላ ይኸንኑ ባልንጀራዬን ሻይ ልጋብዘው ብዬ እስከ ቤተ ሙከራው ድረስ ሄጄ ነበር። ሥራውን እስኪጨርስ ቆሜ ስጠብቅ ከመስኮቱ ደፍ ላይ እስከ ወገቡ የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ አየሁ። በውስጡ ያለው ፈሳሽ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ዘንበል ሲያደርጉት ግን እንደ ማር ዝግ እያለ ይወርዳል። የጥቅምት ብርድ እጄን ሰነጣጥቆት ነበርና «ይኸ ግሊሰሪን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ባልንጀራዬ ቀና ብሎ አየና «ግሊሰሪን ይመስለኛል» አለኝ።

ክዳኑን ከፍቼ መዳፌ ላይ ላፈስ ስል «ቆይ እስቲ» አለና የቤተ ሙከራውን ሠራተኛ ጠራቸው። «ጋሼ፣ ይኸ ምንድን ነው?» «አምና የነበሩት ልጆች ትተውት የሄዱት መሰለኝ፤ እኔ አላስቀመጥኩትም ልጄ» አሉ። በዚያ ክፍል የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን፤ ሦስታችንም መሰለን እንጂ አላወቅንም።

ወደ ሻይ ቤቱ ስንሄድ ባልንጀራዬ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከግሊሰሪኑ ጎን ሌላ ጠርሙስ እንደሚቀመጥ ነገረኝ፤ ስሙም ዳይኤቲሊን ግላይኮል ይባላል። መልኩ ከግሊሰሪን አይለይም፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ወፈር ያለ ነው፤ ይባስ ብሎ ይጣፍጣል። በፍሬን ዘይትና በራዲያተር ፈሳሽ ውስጥ ይገባል፤ በቤተ ሙከራም ሌሎችን ነገሮች ለማሟሟት ያገለግላል። በቆዳ ላይ ጠብ ቢል በውሃ ታጥቦ የሚለቅ ነው፤ በተራ ሙቀትም ብዙ አይተንም። ክፋቱ አፍ ውስጥ ሲገባ ነው። የጠጣው ሰው መጀመሪያ እንደ ሰካራም ይሆናል፣ ያስመልሰዋል፤ ከዚያ የተሻለው መስሎ ይቆይና ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ሽንቱ ይቆማል። ጉበት ፈሳሹን ሲሰባብረው ዳይግላይኮሊክ አሲድ የሚባል ነገር ይወጣና ኩላሊትን ይገድላል። ስለዚህ ተሻለኝ ብሎ መተኛት አይገባም። ሐኪም ቶሎ ከደረሰ መሰባበሩን የሚያግድ መድኃኒትና የኩላሊት እጥበት አለ፤ ከዘገየ ግን የሚደረገው ጥቂት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚህ ፈሳሽ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ያገኘሁትም የኬሚስትሪ ታሪክ መሆኑ ቀርቶ የቃላት ታሪክ ሆነብኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1937 በአሜሪካን አገር፣ በቴነሲ ግዛት ማሴንጊል የሚባል የመድኃኒት ኩባንያ ነበር። ሰልፋኒላማይድ የተባለው መድኃኒት በኪኒንና በዱቄት መልክ ብዙ ሰው ያዳነ ስለ ነበረ፣ በፈሳሽ መልክ ይሠራልን የሚል ገዢ በዛ። የኩባንያው ዋና ኬሚስት መድኃኒቱ በዳይኤቲሊን ግላይኮል ውስጥ እንደሚሟሟ አገኘ፤ የእንጆሪ ዓይነት ጣዕም ጨመረበት፤ ኩባንያውም ጣዕሙን፣ መልኩንና መዓዛውን መርምሮ «ደግ ነው» ብሎ ላከው። ይገድላል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ የዚያን ጊዜው ሕግም ጠይቁ አይልም ነበር። ከመቶ ሰው በላይ ሞተ፤ ከሟቾቹም መካከል ብዙ ሕፃናት ነበሩ። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች በየከተማው እየዞሩ ከተሠራው 240 ጋሎን ውስጥ 234 ጋሎንና አንድ ፓይንት ሰበሰቡ። ያን ሁሉ ሰው የገደለው እንግዲህ የቀረው፣ ስድስት ጋሎን እንኳ የማይሞላው ነው።

የሚገርመው ግን ተቆጣጣሪዎቹ መድኃኒቱን ለመያዝ መብት ያገኙት ሰው ስለ ገደለ አይደለም። ጠርሙሱ ላይ «ኤሊክሲር» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ኤሊክሲር ማለት አልኮል ያለበት መድኃኒት ነው፤ በዚህ ውስጥ ግን አልኮል አልነበረም። ስለዚህ በሐሰተኛ ስም ተሽጧል ተብሎ ተያዘ። «መፍትሔ» ወይም «ፈሳሽ» ተብሎ ቢጻፍበት ኖሮ ሕጉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር። በ1938 አዲስ ሕግ ወጣና መድኃኒት ሳይሸጥ በፊት ደኅንነቱ ይመርመር ተባለ።

ይኸስ የድሮ ነው እንዳትሉኝ። በ2006 በፓናማ የመንግሥት ቤተ ሙከራ የሳልና የጉንፋን ሽሮፕ ቀመመ። ግሊሰሪን ተብሎ የገባው 46 በርሜል ውስጥ የነበረው ዳይኤቲሊን ግላይኮል ነው። ይኸ ፈሳሽ ከቻይና ሲነሣ «ቲዲ ግሊሰሪን» ይባል ነበር። «ቲዲ» ማለት «ቲዳይ» ከሚለው የቻይና ቃል የተቆረጠ ሲሆን ትርጉሙ «ምትክ» ነው፤ ግሊሰሪን ሳይሆን የግሊሰሪን ምትክ ማለት ነው። በርሜሎቹ በሦስት ክፍለ ዓለም ባሉ ነጋዴዎች እጅ አለፉ። በመንገድ ላይ ያቺ ሁለት ፊደል ወደቀች፤ ፓናማ ሲደርስ «ግሊሰሪን፣ 99.5 ከመቶ ንጹሕ» የሚል የምስክር ወረቀት ብቻ ቀረ። አንዱም ተቀባይ በርሜሉን ከፍቶ አልመረመረም፤ እያንዳንዱ ከእሱ በፊት የነበረውን ወረቀት ገለበጠ። ሐኪሞቹም የታማሚዎቹ እግርና ፊት ሲሽመደመድ አይተው መጀመሪያ ሌላ የነርቭ በሽታ መሰላቸው። ከመቶ በላይ ሰው ሞተ።

ጓደኞቼ፣ እኛም እኮ ለፈተና ኖት የምንቀባበለው እንዲሁ ነው። ሦስተኛው እጅ ላይ ሲደርስ ያልተባለውን መምህሩ ብሏል እንላለን። የእኛ ግን ቢበዛ ማርክ ነው የሚያስቀንስ።

በሄይቲ በ1995 እና 1996 ከሰማንያ በላይ ሕፃናት በዚሁ ነገር አለቁ። በ2022 ደግሞ እዚሁ በአህጉራችን፣ በጋምቢያ፣ ወደ ሰባ የሚጠጉ ልጆች ኩላሊታቸው ተበላሽቶ ሞቱ፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ከውጭ በገቡ አራት ሽሮፖች ውስጥ ዳይኤቲሊን ግላይኮልና ወንድሙ ኤቲሊን ግላይኮል መገኘታቸውን አስታወቀ። በዚያው ዓመት በኢንዶኔዥያ ከሁለት መቶ በላይ ሕፃናት ሞቱ። ለልጁ ሳል ብላ ማንኪያውን የያዘችው እናት ናት፤ ይኸን ሳስብ ከዚያ በላይ ለመጻፍ እጄ አይታዘዘኝም።

ባልንጀራዬ «መለየት እኮ ይቻላል» ይላል፤ እውነቱን ነው። አንድ ሊትር ግሊሰሪን 1.26 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አንድ ሊትር ዳይኤቲሊን ግላይኮል ግን 1.12 ኪሎ ገደማ ነው። ጥቂት የተደባለቀ እንደሆነ ሚዛን አይበቃምና በክሮማቶግራፊ ይመረመራል፤ በአሜሪካን የመድኃኒት ደንብ የሚፈቀደው ከ0.10 ከመቶ አይበልጥም። የሚመረመረውም እያንዳንዱ በርሜል ነው እንጂ ከብዙው አንዱ አይደለም። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። መሣሪያው ያለው የሚጠራጠር ሰው ሲኖር ነው፤ የሃይላንዱን ጠርሙስ ደግሞ ክዳኑ እስኪከፈት ድረስ የተጠራጠረው አልነበረም።

ጥፋቱን በቤተ ሙከራው ሠራተኛ ላይ የሚጥል ቢኖር አልስማማም። እኒያ ሰው የሚያጥቡት ጠርሙስ ሁሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ነው። በዋናው ጠርሙስ ላይ የማስጠንቀቂያ ሥዕል አለ፤ ፈሳሹ ወደ ሌላ ዕቃ ሲገለበጥ ግን ሥዕሉ እዚያው ይቀራል። ጥፋቱ የገለበጠው ተማሪ ነው፤ እርሱም ዛሬ ተመርቆ ሄዷል። ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ለፋኩልቲው እንዲያቀርብ የምጠይቀው ይኸ ነው። ማንም ሰው ከዋናው ጠርሙስ የቀዳ፣ ስሙን በእንግሊዝኛም በአማርኛም፣ ቀኑንና የራሱን ስም ጽፎ ይለጥፍ። የመጠጥ ዕቃ፣ ሃይላንድም ሆነ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ፣ ከቤተ ሙከራ በር አይለፍ። ክዳኑ ይጠበቅ፣ ፈሳሹ ከአየር እርጥበት ይጠጣልና። በአፍ መሳብ፣ መቅመስና ማሽተት ይቅር። ጓንትና የዓይን መከለያ መስቀያው ላይ ተንጠልጥለው አይቻለሁ፤ አቧራቸውን ለማራገፍ ፈቃድ አያሻም።

«ይኸን ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት ተምረነዋል» የሚሉ የቅመማ ተማሪዎች አሉ። ተምራችሁታል፤ አምና የነበሩትም ተምረውት ነበር። ትርጉሙን በአማርኛ ለመጻፍ ቃል ካጠራችሁ እኛ የአርት ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለንም፤ ሙጫና መቀስ ይዘን እንመጣለን፣ ሻዩን እናንተ ቻሉ።

የሃይላንዱ ጠርሙስ እስከ ዛሬ አልተመረመረም፤ ተራ አልደረሰውም ተብሏል። ከመስኮቱ ደፍ ግን ተነሥቶ በተቆለፈው ቁም ሣጥን ውስጥ ለብቻው ተቀምጧል። እኔ ነኝ ወረቀቱን የለጠፍኩበት፤ «ያልታወቀ፤ አትንኩ» ይላል፤ ከሥሩ ቀኑና ስሜ አለ።