መርፌ የፈራው ሰው

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1977 መርካ በምትባለው የሶማሊያ የወደብ ከተማ ዓሊ ማው ማሊን የተባለ ወጣት የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ፈንጣጣ ያዘው። የታመሙ ሕፃናት ወደ ማግለያ ሰፈር ሲወሰዱ መኪናው ላይ አብሯቸው ተሳፍሮ ነበር፤ አጭር መንገድ ነው። ክትባቱ እዚያው መሥሪያ ቤቱ ነበረለት፤ አልተከተበም። ያማል ብሎ ፈርቶ እንደነበር ኋላ ራሱ ተናግሯል። በዙሪያው ከ50 ሺህ በላይ ሰው ተከተበ፤ እሱም ዳነ። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው ሆኖ ስሙ በታሪክ ተመዘገበ።

ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከዓመታት በኋላ ያደረገው ነው። ማሊን የልጅነት ልምሻን (ፖሊዮን) ለማጥፋት በተነሣው ዘመቻ በጎ ፈቃደኛ ሆነ። አገሩ በፈንጣጣ የመጨረሻዋ ነበረች፤ በፖሊዮም እንደዚያው እንዳትሆን ፈለገ። አናስከትብም ለሚሉ ወላጆች የራሱን ታሪክ ይነግራቸው ነበር። ከባለሙያ ሁሉ እሱ ይሻል ነበር ባይ ነኝ፤ ባለሙያው ስለ ክትባቱ ያውቃል፣ ማሊን ግን እምቢታንም ያውቀዋል።

ፈንጣጣ ፊት ላይ ይታይ ስለነበር በሽተኛውን ፈልጎ ዙሪያውን መከተብ ይቻል ነበር። ፖሊዮ እንዲህ አይያዝም። ቫይረሱ ከገባባቸው 200 ያህል ልጆች ሽባ የሚሆነው በአማካይ አንዱ ነው፤ ከሌሎቹ አብዛኞቹ ምንም ሳይመስላቸው እየተጫወቱ ያዛምቱታል። ለዚህ ነው የክትባቱን ጠብታ የያዘ ሳጥን ያነገቡት ወጣቶች አንድን በር ደጋግመው የሚያንኳኩት። እናቲቱም «ባለፈው ሰጥታችሁት የለም እንዴ?» ብትል አይፈረድባትም።

የገንዘቡንና የቅስቀሳውን ድርሻ አላሳንስም። ሮታሪ የተባለው ዓለም አቀፍ የበጎ አድራጎት ማኅበር በ1985 ፖሊዮፕላስ የተባለውን የፀረ ፖሊዮ ዘመቻውን ባይጀምር ኖሮ የዓለም ጤና ጉባኤ ከሦስት ዓመት በኋላ በሽታውን ለማጥፋት መወሰኑን እጠራጠራለሁ። ያኔ በዓመት 350 ሺህ ገደማ ሕፃናት ሽባ ይሆኑ ነበር። የሲያትሉ እዝራ ተሾመም አሜሪካውያን የሮታሪ አባላትን እየመራ ኢትዮጵያ ድረስ ለዘመቻው መመላለሱ የሚያስመሰግነው ነው። እንግዳው ግን ጠብታውን ሰጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል (ቢነሣም አልቀየመውም)። በሚቀጥለው ዙር ተመልሳ የምትመጣው የሰፈር ልጅ ናት። በሩም የሚከፈተው ለእሷ ነው።

በሩን የሚያስከፍተው እምነት ሲሰበር ምን እንደሚመጣ ፓኪስታን ታይቷል። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ቢን ላደንን ሲያድን የሐሰት የክትባት ዘመቻ ማካሄዱ በ2011 ተጋለጠ። ታጣቂዎች ድሮም ለክትባቱ ጠላት ነበሩ፤ አሁን ሰበብ አገኙ። ከ2012 መጨረሻ ወዲህ ጠብታ ሊሰጡ በወጡበት የተገደሉት ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹም ሴቶች ነበሩ። የተረፉት በማግስቱ ሳጥናቸውን አንሥተው ይወጣሉ። የቀን አበላቸው ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። «በጎ ፈቃደኛ» እያልን በርካሽ እናሠራቸዋለን፤ በዚህ ዓለም አቀፍ ተቋማቱም ሊያፍሩ ይገባል።

ማሊን በ2013 ሞተ። ፖሊዮ ሶማሊያን ለቅቆ ከዓመታት በኋላ ሲመለስ ወደ ኬንያና ወደ እኛው ሶማሌ ክልል ጭምር ተሻገረ፤ እሱም እንደገና ለዘመቻ ወጣ። መርካ አካባቢ በሥራ ላይ ሳለ ወባ ገደለው።

አፍሪካ በነሐሴ 2020 ከተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኗ ተረጋገጠላት። በ2021 በመላው ዓለም በዚህ ቫይረስ ሽባ የሆኑት 6 ብቻ ነበሩ። በ2024 ግን በፓኪስታንና በአፍጋኒስታን ከ90 በላይ ሆኑ። እኛም ዘንድ ቢሆን ክትባቱ በደንብ ባልደረሰባቸው አካባቢዎች፣ ከክትባቱ ቫይረስ ተለውጦ የወጣ ዝርያ ከ2019 ወዲህ ሕፃናትን ሽባ አድርጓል። የተከተበ ሰው ሲበዛ ይህም ዝርያ መንገድ ያጣል። እና ሳጥን ያነገበችው ልጅ ደጅዎን ስታንኳኳ፣ ልጅዎ ባለፈው ወር የወሰደ ቢሆንም እንኳ ይክፈቱላት።