የጠፋው ሰዓት የትኛው ነው?

በግንቦት ወር 2009 ዓ.ም. ክሪስቲስ የተባለው የጨረታ ቤት ጄኔቭ ላይ አንድ የእጅ ሰዓት ሸጠ። ሰዓቱ ፓቴክ ፊሊፕ የተሰኘው የስዊስ ድርጅት በ1954 እ.ኤ.አ. የሠራው፣ የሞዴል ቁጥሩ 2497 የሆነ፣ በወርቅ የተሠራ ባለሞላ ሰዓት ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንብረት የነበረ በመሆኑ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ገደማ ወጣበት። ይኸው ሰዓት በ2015 እ.ኤ.አ. ለጨረታ ሊቀርብ ሲል የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ የይገባኛል ጥያቄ በማንሣቱ ከሽያጩ ወጥቶ ነበር። ሽያጩ ከተፈጸመ ወዲህ «ቅርስ አመለጠ፣ የአገር ክብር በባዕድ ክንድ ላይ ታሰረ» የሚል ሙሾ አልፎ አልፎ ይሰማል። ሙሾው ከዋና ከተማ ሳሎኖች ተነሥቶ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ግን ጆሮ ሊያምነው አይገባም። ስለ ጠፋ ጊዜ ማልቀስ ካስፈለገ ወሎ የሚያለቅስበት ሌላ ብዙ ምክንያት አለውና።

በመጀመሪያ ይህ ሰዓት ምን እንደሚያውቅ በጥሞና መመርመር ይገባል። የዚህ ዓይነቱ ሰዓት ዝና ሰዓትና ደቂቃን ከመቁጠሩ የመጣ አይደለም፤ ዕለቱን፣ ቀኑን፣ ወሩንና የጨረቃን ሙላትና ጉድለት ባለቤቱ ሳያርመው እየለየ ከማሳየቱ የመጣ ነው። ምስጢሩ ያለው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ በሚዞር አንድ መንኮራኩር ላይ ነው። በመንኮራኩሩ ጠርዝ ለአራቱ ዓመት ወሮች ጥልቀታቸው የተለያየ ደረጃዎች ተሞርደዋል፤ ዝቅ ያለው ደረጃ አጭሩን ወር፣ ከፍ ያለው ረጅሙን ወር ያስታውቃል፤ በአራተኛው ዓመት ፌብሩዋሪ 29 ቀን ይሆናል። ይህን የሠራ እጅ የተመሰገነ ነው። በማጉያ መነጽር ሥር ጎንበስ ብሎ ከጠጉር የቀጠነ ብረት የሚሞርድ ሠራተኛ ጥበቡ ሊናቅ አይችልም። የሚናቀው፣ ጥበቡ ከሌላ የትም የለም ብሎ የሚሰግድ አእምሮ ነው።

በአራት ዓመት የሚዞር መንኮራኩር ለወሎ ሰው ምኑ እንግዳ ነው? ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ ማለት ይኸው ነው። ዘመነ ሉቃስ ሲሆን ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ ከዚያም ዑደቱ ሳያቋርጥ ይደገማል። እንዲያውም የስዊሱ መንኮራኩር የራሱን የጎርጎርዮስን ሕግ በሙሉ አያውቅም። በዚያ ሕግ መሠረት 2100 እ.ኤ.አ. ተጨማሪ ቀን የሌለው ዓመት ነው፤ መንኮራኩሩ ግን አራትን እየቆጠረ ከመሄድ በቀር ሌላ ስላልተማረ በዚያ ዓመት የሰው እጅ ካላረመው ይሳሳታል። አራትን ሳያጓድል የሚቆጥረው የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ «ዘላለማዊ» የሚል ማዕረግ የተሰጠው መሣሪያ በአሠራሩ ከጄኔቭ ይልቅ ለቦሩ ሜዳ ደብተራ ይቀርባል ማለት ነው። ሆኖም በፊቱ ላይ ጳጉሜን የምትባል ወር የለችም። የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ ያለው አገር ንጉሠ ነገሥት ስም የተጠራበት ሰዓት አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነበረው።

የጨረቃውም ነገር ከዚህ አይለይም። በተለመደው ባለጨረቃ ሰዓት ውስጥ 59 ጥርስ ያለው መንኮራኩር ሁለት ጨረቃን በ59 ቀን ያዞራል። እውነተኛው የጨረቃ ወር ግን 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ፣ በየወሩ 44 ደቂቃ እየቀረ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ሰዓቱ አንድ ቀን ይስታል። ባሕረ ሐሳብ በበኩሉ በ19 ዓመት ውስጥ 235 ጨረቃዎችን ያስገባል፤ በዚህ ስሌት የአንድ ቀን ስሕተት የሚጠራቀመው ከ300 ዓመት በኋላ ነው። ስሕተት የለበትም አይባልም፤ የፀሐይ ዓመቱም በጥቂት ደቂቃ ይረዝማል። ነገር ግን ያለ ሞላ፣ ያለ ወርቅ፣ በአንድ ሰው ቃልና በጣቶቹ አንጓ የሚሠራ ሰዓት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ማስረጃ ለሚሻ ሰው የ2016 ዓ.ም. ስሌት ይበቃዋል። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7516 ነው። ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስለት ወንበሩ 10 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 20 አበቅቴ ነው፤ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 10 መጥቅዕ ነው። የሁለቱ ድምር ምንጊዜም 30 ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚያንስ በጥቅምት ይውላል፤ ጥቅምት 10 ቅዳሜ ነበር፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው፤ 10 ከ8 ጋር 18። ጾመ ነነዌ የካቲት 18 ገባ። በዚህ ላይ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመር ሚያዝያ 27 ይሆናል። ፋሲካም በዚያው ቀን ዋለ። የደሴ ተማሪ ቀሪን የማካፈል ሒሳብ በባዕድ ምሳሌ እየተማረ፣ ይህ በአያቱ አፍ ያለ ስሌት ለምን ከትምህርት ቤቱ ደጅ ቆሞ ይቀራል?

ወሎ ደግሞ ጊዜን በአንድ ብቻ ሳይሆን በሁለት ሚዛን የሚለካ አገር ነው። የሻዕባን 29ኛ ማታ ጨረቃን ከጦሳ ትከሻ ላይ በዓይናቸው የሚሹ ሰዎች፣ ባለ59 ጥርሱ መንኮራኩር የማያውቀውን ነገር ያውቃሉ፤ ይኸውም አዲስ ጨረቃ በምስክር የምትጸና መሆኗን ነው። አንዱ አይቻለሁ ሲል ሌላው ያምነዋል፤ መንደሩ ይጾማል። የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። ደብተራው ወንበሩን የሚያባዛበት 11ም ከዚህች ልዩነት የመጣ ነው። ሼኹና መሪጌታው በአንድ ከተማ ሲኖሩ አንዱን ቁጥር በሁለት ቋንቋ ሲያስቡ ኖረዋል። አብሮ ስለ መኖር በየመድረኩ ከሚደረግ ዲስኩር ይልቅ ይህች አንዲት ቁጥር ብዙ ትናገራለች።

ከዚህ በላይ የተራቀቁ ሰዓቶችም አሉ ይባል ይሆናል። በእርግጥ አሉ። ፓቴክ ፊሊፕ ሄንሪ ግሬቭስ ለተባለ አሜሪካዊ ባለባንክ ሠርቶ በ1933 እ.ኤ.አ. ያስረከበው የኪስ ሰዓት 24 ልዩ ልዩ ሥራዎች ነበሩት፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በ24 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሽጧል። ፀሐይ የምትወጣበትንና የምትገባበትን ሰዓት ያሳያል፤ የከዋክብትን ሰማይም ያሳያል። የማን ሰማይ ነው ቢባል ግን የኒውዮርክ ሰማይ ነው። እንዲህ ያለ ሰዓት ምን ያህል ቢራቀቅ ለአንድ ሰው መስኮት የተሰፋ ልብስ ነው። በኒውዮርክ የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት ወደ ስድስት ሰዓት ይጠጋል። በደሴ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም አያልፍም። ንጋት እምብዛም የማይከዳው ሕዝብ ቀኑን ከንጋት መቁጠር የጀመረው በኋላ ቀርነት ሳይሆን በምክንያት ነው። የፈረንጁ ሰዓት ሰባትን ሲያመለክት አንድ ሰዓት ብሎ የሚያነብ የኮምቦልቻ ነጋዴ በየዕለቱ የሚያርመው ሰዓቱን እንጂ ራሱን አይደለም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይሏል ይህን ነው።

የወርቅ ሰዓት ያላሳየው ሌላም ጊዜ አለ። የ1964 ክረምትና የ1965 በልግ በወሎ ከዱ። የወሎ ደጋ ገበሬ በልግ ሲቀር ምን እንደሚከተል ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ ያወቀውን ይዞም ወደ ደሴ መንገድ ወጣ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1965 ወደ ሥፍራው ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ለዕይታ አቀረቡ። የቤተ መንግሥቱ ሰዓት ግን ገና አልደወለም ነበር። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በጥቅምት 1966 በለንደን ታየ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወሎን የጎበኙት በኅዳር ነው። የሟቾቹ ቁጥር እንደ ገማቹ ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀላቅሎ ለአዲስ አበባ ሕዝብ ታየ፤ በማግሥቱ ዘውዱ ወረደ። የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን አስቀድሞ የሚያውቅ ጥበብ በአገር መሪ እጅ እያለ የበልግን መቅረት የሚሰማ ጆሮ አልነበረም።

ይህ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ሥርዓት ነውር ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። በመስከረም 1977 አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን በአደባባይ ጌጥና በሰልፍ ሲያከብር፣ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረው ኮረም ሕዝብ እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ያም በዓል የራሱ የወርቅ ሰዓት ነበረው፤ የተሞላው ለአሥር ዓመት እንጂ ለበልግ አልነበረም። ሥልጣን የራሱን በዓል ብቻ የሚቆጥር ሰዓት ባሰረ ቁጥር የሚከፍለው የወሎ ገበሬ ነው።

«ታዲያ ቅርስ ይቅር ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ቅርስማ አይቀርም። ጨረታ ለወሎ ምድር አዲስ ነገር አይደለም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከወደቁ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ዕቃ በደላንታ ሜዳ አጫርቶ 5,000 ፓውንድ ገደማ ለወታደሮቹ አከፋፈለ። ለብሪታንያ ሙዚየም ዕቃ የሚገዛ ሰውም ከጦሩ ጋር አብሮ ዘምቶ ነበር። ዛሬ በለንደን ቤተ መጻሕፍት ከ300 በላይ የመቅደላ ብራናዎች ይገኛሉ። ሰዓቱ ከጄኔቭ የወጣ፣ ወደ ጄኔቭ የተመለሰ ዕቃ ነው። ብራናዎቹ ግን የዚህች አገር በግ ቆዳ፣ የዚህች አገር ጥቁር ቀለም፣ የዚህች አገር ሊቅ ዓይን ናቸው። ለሰዓቱ እንባ አፍስሶ ስለ ብራናው ዝም የሚል የቅርስ ወዳጅ፣ የሚወደው ቅርሱን ነው ወይስ ዋጋውን?

ስለ ዋጋ ከተነሣ አንድ ሒሳብ ይቀራል። ሰዓቱ በተሸጠ በሁለተኛው ወር፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም.፣ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ገበሬው ቀኑን በጥላ ከሚለካበት ሸለቆ ውስጥ ደቂቃ የሚቆጠርበት ሥራ ገባ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በሐዋሳ ፓርክ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር አመልክቷል። በዚህ ደመወዝ አንዲት ሠራተኛ ሳትበላና ሳትለብስ ብታጠራቅም ያንን ሰዓት ለመግዛት ከ9,000 ዓመት በላይ ያስፈልጋታል። በ2009 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7509 ነበር። ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ብትሠራ ገና አልደረሰችም ማለት ነው። የጊዜን ዋጋ ለመማር ከዚህ የበለጠ መጽሐፍ የለም።

ስለሆነም ሙሾው ይብቃና ሥራው ይጀመር። መምህሩ ባሕረ ሐሳብን ከወይዘሮ ስሂን ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ በሒሳብ ክፍል ውስጥ ያስገባ፤ ሃይማኖት ለማስተማር ሳይሆን ልጆቹ ቁጥር በአገራቸው ቋንቋ እንደሚያስብ እንዲያውቁ። የሂጅራንም ስሌት ጎን ለጎን ያስቀምጥ። ከያኒው በደሴና በኮምቦልቻ አደባባዮች የንጋቱን ሰዓት የሚያሳይ፣ አሥራ ሦስት ወር ያለው፣ በጥላ የሚሠራ መሣሪያ ይንደፍ፤ ሕዝብ ቆሞ የሚያየው፣ ማንም የማያጫርተው ይሁን። ካድሬው ደግሞ ከንግግሩ በፊት ይስማ። በልግ ሲዘገይ ነፋሱን፣ ወፉንና ደመናውን አይተው የሚናገሩ አዛውንት ቃላቸው በቀበሌው መዝገብ ይግባ፤ በሜትሮሎጂ ባለሙያው መረጃ አጠገብ ይቀመጥ፤ ሁለቱ ሲስማሙ እህል ከረኃብ ቀድሞ ይነሣ።

የጄኔቩ ሰዓት ገዢው ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። ሞላው ቢፈታም የሚያድሰው ባለሙያ አያጣም፤ የሥራው ንድፍ በፋብሪካው አለ። በአንጻሩ ስሌቱን በቃሉ የያዘ መሪጌታ፣ የጨረቃን ምስክርነት የሚመረምር ሼኽ፣ የበልግን ጠረን የሚለይ ገበሬ ሲሞት ሌላ የሚያድሰው የለም። ለወሎ የሚጠፋው ሰዓት ይህ ነው፤ ሊጠገን የሚችለውም ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ ብቻ ነው።