አልዌሮ ላይ የሚያድር እንግዳ

አዲስ አበቤ ስለ ቅዳሜና እሁድ ሽርሽር ሲያወራ መንገዱ ሁሉ ወደ ቢሾፍቱና ላንጋኖ፣ ራቅ ካለም ወደ ሐዋሳ ነው። በቅርቡ ደግሞ ወንጪና ጎርጎራ ተጨምረዋል። ጋምቤላን የሚያነሳ እምብዛም አይገጥመኝም። እኔ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ወላጆቼ አቦቦ ላይ ያሳደጉኝ፣ ዛሬም ጋምቤላ ከተማ የማስተምር ሰው ነኝ። አልዌሮ ግድብ እንዲህ ተረስቶ ሲቀር ያንገበግበኛል።

ግድቡ ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አቦቦ አጠገብ ይገኛል። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ሲሠራ የታሰበው ከ10,000 ሄክታር በላይ መሬት በመስኖ ጥጥ እንዲያበቅል ነበር። ደርግ ወደቀ፤ ሶቪየት ኅብረትም ፈረሰች፤ ጥጡም በታሰበው ልክ ሳይለማ ውኃው ለዓመታት ተኝቶ ቀረ። ኋላ የሼህ መሐመድ አል አሙዲ ኩባንያ ሳዑዲ ስታር 10,000 ሄክታር ለሩዝ ተረከበ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ውኃውን ሳይለቁ የኖሩት ግን የአኙዋ ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው።

እንግሊዞች ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸዋል። በሰሜን እንግሊዝ ኖርዘምበርላንድ ውስጥ ኪልደር የሚባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ የተገነባው ለፋብሪካዎች ውኃ ተብሎ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ የአካባቢው የብረት ኢንዱስትሪ እየተዳከመ ስለነበር የታሰበውን ያህል ውኃ ፈላጊ አልተገኘም። ዛሬ ከከተማ የሚወጣው ሰው ቅዳሜና እሁዱን እዚያ በጀልባ፣ በብስክሌትና በእግር ጉዞ ያሳልፋል። በእንግሊዝ ገጠር ከሁሉ በላይ የምቀናበት ደግሞ እንግዳው ገበሬ ቤት አድሮ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ሒሳቡን ለባለቤቷ ከፍሎ መሄዱ ነው። ገንዘቡ መንደሩ ውስጥ ይቀራል።

አልዌሮ ለእንግዳ ምን አለው? ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ግድቡ ላይ ይቁም። ታንኳዎቹ አንድ በአንድ ወደ ዳር ይመጣሉ። ሴቶቹ አምባዛውን ከሆዱ ሰንጥቀው፣ አንጀቱን አውጥተው፣ ከእሳቱ ከፍ ብሎ በተረበረበ እርጥብ እንጨት ላይ ይደረድሩታል። ጭሱ ቀስ ብሎ ያደርቀዋል፤ ቆዳው ወርቅማ፣ ቀጥሎም ቡናማ ይሆናል። ከዚያው ዓሣ በተሠራ ወጥ የበቆሎ ገንፎ የበላ ሰው ላንጋኖ ላይ የሚጠበሰውን ቆሮሶ አይናፍቅም፤ በዚህ አልከራከርም።

ጋምቤላ ከተማ ውስጥም የባሮ ወንዝ አለ። በ1902 እ.ኤ.አ. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት የንግድ ጣቢያ የተቋቋመው በዚህ ወንዝ ዳር ነው፤ በክረምት ከሱዳን የሚመጡ መርከቦች ቡናችንን ይጭኑ ነበር። በምዕራብ በኩል ደግሞ በብዙ መቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ባለነጭ ጆሮ ቆርኬዎች ከደቡብ ሱዳን ተሻግረው የሚገቡበት ብሔራዊ ፓርክ ተዘርግቷል።

ሩቅ ነው የሚለኝ አለ። በመኪና እውነቱን ነው፤ ሁለት ቀን ይፈጃል። በአውሮፕላን ግን ዓርብ ሄዶ እሁድ መመለስ ይቻላል። ወቅቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ይሁን፤ ጥምቀት የሚውለውም በዚያው በበጋ ነው። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ለደገኛ ይከብዳል። ወባ ስላለ አጎበር ግድ ነው። ጸጥታውንም መሸፈን አልፈልግም፤ ክልሉ ብዙ ደም አይቷል፤ መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ሳምንት ማንም ና ማለት የለበትም። ሰላም በሆነባቸው ወራት ግን ሰው ይምጣልን።

የምፈራው የእንግዳውን መቅረት ብቻ አይደለም፤ ሲመጣ የሚመጣበትንም መንገድ ነው። አንድ ባለሀብት የግድቡን ዳር አጥሮ ሎጅ ቢሠራ፣ ታንኳዎቹ የት ይቆማሉ? ሴቶቹስ እሳታቸውን የት ያነዳሉ? እንግሊዞች እንኳ ገጠራቸው ለእግረኛ የተከፈተው በትግል ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. ሠራተኞች ኪንደር ስካውት የተባለውን የተከለከለ ተራራ በጅምላ ወጥተው የታሰሩ ታስረዋል፤ የብሔራዊ ፓርኮችና የእግር መንገዶች ሕግ የወጣው በ1949 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ የውኃውን ዳር መጀመሪያውኑ ሳንዘጋው ብንቀር ያ ሁሉ ትግል አያስፈልገንም።

ስለዚህ የክልሉን መንግሥት የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ቦታ ለባለሀብት ከመመራቱ በፊት የዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበራት የሚያርፉበት የውኃ ዳር በካርታ ተለይቶ በስማቸው ይመዝገብ። ዓሣውን በጭስ ለሚያደርቁት ሴቶች ጥላና ንጹሕ ውኃ ይግባ። እንግዳ ለሚጭኑ ታንኳዎች የነፍስ አድን ጃኬት ይታደል። አቦቦ ውስጥ ማንጎ የተተከለበት ሰፊ ግቢ ያላቸው፣ አንድ ንጹሕ ክፍል፣ አጎበርና መጸዳጃ ማዘጋጀት የሚችሉ ቤተሰቦች ከአኙዋውም ከሰፋሪውም ይመረጡና አነስተኛ ብድር ይሰጣቸው። ይህ ከመጪው ጥምቀት በፊት ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።