በቀን ግማሽ ገጽ



በረመዳን ሃያ ሰባተኛው ሌሊት መስጊዱ እንዴት እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ጫማ ማስቀመጫ ጠፍቶ ደጁ ላይ ተከምሮ ነበር። በሸዋል ሁለተኛ ሳምንት ሱብሒ ላይ ግን ከኢማሙ ኋላ አንድ ሰፍ እንኳ አልሞላንም። ይህ በየዓመቱ የሚሆን ነገር ስለሆነ «ኢማናችን ደከመ» ብለን እናልፈዋለን። አንድ ጠንከር ያለ ሙሓደራ ይዘጋጃል፣ ለሳምንት እንሞላለን፣ ከዚያ እንደገና እንሳሳለን። ለእኛ ግን የኢማን ድክመት ብቻ አይመስለንም። አነሳሳችን ላይ ችግር አለ፤ ስንነሳ የማንችለውን ተሸክመን ነው የምንነሳው።

የራሳችንን እንንገራችሁ። ሁለተኛ ዓመት ሳለን፣ በዒድ ማግስት፣ አራት የዶርም ልጆች ቁጭ ብለን ፕሮግራም አወጣን። በቀን አንድ ጁዝእ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቶ ተሀጁድ፣ ሰኞና ሐሙስ ጾም፣ በዚያ ላይ በቀን ሦስት ሰዓት ጥናት። ወረቀት ላይ ጽፈን በሩ ላይ ለጠፍነው። ሰንጠረዥ የማይወድ የኢንጂነሪንግ ተማሪ የለምና መስመሩን በማስመሪያ ነበር ያሰመርነው። አስራ አንድ ቀን ቆየ። በአስራ ሁለተኛው ቀን እንቅልፍ ጣለን፣ ጁዝኡ ተጠራቀመ፣ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሆነ። አራት ጁዝእ ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ ሙስሐፉን ማየት ራሱ ያስፈራዋል። ወረቀቱን ማን እንደቀደደው እስካሁን አልተጣራም።

የሚያሳዝነው የፕሮግራሙ መፍረስ አይደለም። ከአራታችን አንዱ በዚያው ሴሚስተር ከሐለቃ ጠፋ። ስንጠይቀው «ምን ፊት ይዤ ልምጣ?» አለን። ከፕሮግራሙ በፊት ግን ይህ ልጅ ከሐለቃ ቀርቶ አያውቅም ነበር፤ ከመግሪብ በኋላም ሁልጊዜ ጥቂት ይቀራ ነበር። ትልቁ ሲወድቅ ትንሹንም ይዞበት ሄደ። ያራቀው መጥፎ ጓደኛ አይደለም፣ ያ በር ላይ የለጠፍነው ወረቀት ነው። በዚህ መልኩ ስንት ወንድምና እህት እንደቀሩብን አላህ ነው የሚያውቀው።

የሚገርመው፣ መንገዱን ልጅ ሆነን እናውቀው ነበር። ብዙዎቻችን በፈረቃ ያደግን ነን፤ ግማሽ ቀን መድረሳ፣ ግማሽ ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት። ቁርኣን ቤት ኡስታዙ ሎሕ ላይ የሚጽፍልን ጥቂት መስመር ነበር። ያችን ሳናደርስ ሌላ አይሰጠንም። ስናደርስ ሎሑ ይታጠባል፣ ቀጣዩ ይጻፋል። «ዛሬ ሙሉ ሱራ ይጻፍልኝ» ያለ ልጅ የሚያተርፈው ሳቅ ነበር። በዚያ ዓይነት ጥቂት መስመር ነው ዐማ ጁዝእን የጨረስነው። ካልኩለስ ላይ ስንደርስ ሎሑን ረሳነው።

አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ቢያንስም የሚዘወተረው እንደሆነ የሚናገረውን፣ ቡኻሪና ሙስሊም ከዓኢሻ (ረ.ዐ) የዘገቡትን ሐዲስ ሁላችንም በቃላችን እንለዋለን። የዐብደላህ ኢብን ዐምርን (ረ.ዐ) ታሪክ ግን ደጋግመን ማንበብ ያለብን ይመስለናል። ወጣት ነበር። ቀኑን ሁሉ ልጹም፣ ሌሊቱን ሁሉ ልቁም አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በወር ሦስት ቀን ጹም ሲሉት ከዚህ በላይ እችላለሁ እያለ ተከራከረ፤ በመጨረሻ የዳውድ (ዐ.ሰ) ጾም ላይ ቆመ፣ አንድ ቀን መጾም አንድ ቀን ማፍጠር። ሲያረጅ ግን ያኔ የተሰጠውን ማቅለያ ተቀብዬ በነበር ብሎ ተመኘ። ልብ በሉ፣ እሱ አልተወውም፤ ሰሓባ ነውና ይዞት ዘለቀ። እኛ የዘለቅነው አስራ አንድ ቀን ነው።

ሒሳቡን እንየው። የመዲናው ሙስሐፍ 604 ገጽ ነው። በቀን ግማሽ ገጽ ቢባል 1,208 ቀን ይፈጃል። ሁለተኛ ዓመት ሲገባ የጀመረ የኢንጂነሪንግ ተማሪ እስከ ምርቃቱ አራት ዓመት፣ ማለትም 1,460 ቀን አለው። 252 ቀን ቢያመልጠው እንኳ ጋዋን ሳይለብስ ቁርኣንን ከነትርጉሙ ያደርሳል። «ከነትርጉሙ» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መድረሳ ማንበብን አስተምሮናል፣ ብዙዎቻችን ግን የምናነበው ምን እንደሚል አናውቅም። እኛ የጀመርነው ዘግይተን፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። 113 ቀን ይጎድለናል። ከምርቃት በኋላም ሱብሒ አለ።

ያደረግነው ይህን ብቻ ነው። ከሱብሒ በኋላ፣ ከሰገድንበት ሳንነሳ፣ ግማሽ ገጽ እንቀራለን፤ አንዳችን የአማርኛውን ትርጉም ዝቅ ባለ ድምፅ ያነባል። አስር ደቂቃ አይሞላም። ሥራውን የሚሠራው «ሳንነሳ» የሚለው ነው፤ ከተነሳን አልጋ አለ። ስልካችንንም ትራስ ሥር ማድረግ ትተን በሩ አጠገብ ያለው ዲቫይደር ላይ ሰካነው። አላርሙን ለማጥፋት መነሳት ግድ ሆነ፣ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ቪዲዮ ማገላበጥም ቀረ። (እሺ፣ ቀነሰ።) ሱብሒ የሚያመልጠን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይመስለን ነበር፤ ያመለጠን ግን ማታውኑ ነበር። ዶርሙን የሚጋሩን ሁለት ክርስቲያን ወንድሞቻችን መጀመሪያ አላርሙን ቀንሱልን ብለውን ነበር። አሁን ሳንሰማው ስንቀር አንደኛው ነው «ተነሱ እንጂ፣ ሰዓታችሁ አለፈ» የሚለን።

ሳይሆንልን ሲቀርስ? የሌሊት ድርሻውን ተኝቶ ያለፈው ሰው በሱብሒና በዙህር መካከል ቢያነበው ሌሊት እንዳነበበው እንደሚጻፍለት ሙስሊም የዘገበው ሐዲስ አለ። ስለዚህ በክፍል መሃል ባለው ክፍተት እንሞክራለን። እስከ ዙህር ካልሆነ እናልፈዋለን፤ በማግስቱ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ዕዳ አንመዘግብም። የጥናቱንም እንዲሁ አደረግነው፦ ከዐስር በኋላ ከወርክሺቱ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ብቻ።

አንዳንድ ወንድሞች «ይሄ ስንፍናን ማስዋብ ነው» ይሉናል። ፈርድ ላይ ድርድር የለም፤ አምስቱ አምስት ናቸው፣ በሁለት ጀምሬ ላሳድግ አይባልም። የምናወራው ስለ ሱንናው፣ ስለ ቂርኣቱ፣ ስለ ጥናቱ፣ ስለ እንቅልፉ ነው። ደግሞስ ሲቪል የምትማሩ ታውቁታላችሁ፣ አርማታ ከተሞላ በኋላ ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ ዘበኛው ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጣዋል። በአንድ ቀን አንድ ቦቴ ውሃ ደፍቶበት ሳምንት የጠፋ ኮንትራክተር የሚያገኘው ስንጥቅ ነው። ዘበኛውን ሰነፍ ያለው ሰው ግን አልሰማንም።

ለጀመዓችን ሁለት ሐሳብ አለን። አንደኛ፣ ከረመዳን በኋላ ግሩፑ ላይ «በዚህ ወር ስንት ጁዝእ?» እያልን በይፋ የምናስሞላው ሰንጠረዥ ቢቀር ጥሩ ነው። ብዙ የጻፈው ሳይደርስ ሲቀር ይሰወራል፣ ምንም ያልጻፈችው እህት ደግሞ ታፍራለች። ሦስት አራት ሆኖ በየዶርሙ መያያዝ ይሻላል፤ ቁጥሩን ማንም አይጠይቅ። ሁለተኛ፣ አዲስ ተማሪዎችን ስንቀበል «ምን ታቅዳላችሁ?» ማለት ትተን «ከቤት ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» እንበላቸው። ከእናቷ ጋር ከመግሪብ በኋላ አንድ ገጽ መቅራት የለመደች እህት ያችን አንድ ገጽ ግቢ ሳትጥላት ብትመረቅ፣ እኛ ከምናወጣላት ፕሮግራም ሁሉ ይበልጣል።

ያ ከሐለቃ የጠፋው ጓደኛችን ተመልሷል፣ አልሐምዱሊላህ። ትርጉሙን የሚያነብልን እሱ ነው። ከጀመርን ስድስት ወር ሊሞላን ነው፣ ሱረቱ አን-ኒሳእ ገብተናል። ባለፈው ሳምንት ሚድ ስለነበረ ሁለት ቀን አምልጦናል። ነገ ካቆምንበት እንቀጥላለን፣ ኢንሻ አላህ፤ ብሎካችሁ ቅርብ የሆነ ወንድሞች ብቅ በሉ፣ ምንጣፉ ለሁለት ሰው ቦታ አለው።